ጥቁሩና ሰማያዊው ክር

«እንግዲያው ጠጣሁት በለኛ! አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ቁርሴ አደረግሁት በልና ልስማህ!»

ባለክሩ የእህቱን የግቢ በር ለማንኳኳት ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። የሚመልስላት ሰው ድምፁ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውጭ ለቆመ ሰው እህቱ ከራሷ ጋር የምትጣላ ትመስላለች። «መንገድ ላይ ነው የሚተፋው፣ እትዬ» አለ ያ ድምፅ። «መንገድ ላይ! ግቢዬ ውስጥ ሲያድር ጠብታ የለ፣ መንገድ ሲወጣ ይተፋል! ይሉኝታ ያዘው በለኛ ሞተሩን፣ ሰው ቤት አይተፋም በለኛ!» ባለክሩ ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። እህቱ ስትሳደብም ታስቃለች፤ ሰው በሷ ነገር እየሳቀ ነው የሚጎዳው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን አንኳኳ።

እሱ መካኒክ ነው። ባለክሩ ያሉት የጋራዥ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ምክንያቱም አሮጌ ሞተር ሲፈታ ኪሱ ውስጥ ከካቻቢቴና ከፒንሳ እኩል ክር አይጠፋም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ እየለቀመ ይወስዳል። የአሮጌ መኪና ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ የጎማ ቱቦው ብዛት ያስደነግጣል። አንዱ ለፍሬን የሚሆነውን አየር ይስባል፣ አንዱ ከነዳጅ ታንከር የሚመጣውን ጋዝ ያሳልፋል፣ አንዱ ሞተሩን ያስተነፍሳል፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ የሠራው ብቻ ነው የሚያውቀው። ታዲያ ባለክሩ ቱቦ በነቀለ ቁጥር ጫፉ ላይ ክር ያስራል፣ ቱቦው የተነቀለበት አፍ ላይም ያንኑ ቀለም። ሲመልስ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ። «ወረቀት ይቀደዳል፣ ጭንቅላት ይረሳል፣ ክር ግን አይዋሽም» ይላል። «አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ጥልፍ ጠላፊ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ይቀልዱ እንጂ የከበዳቸውን ይዘው የሚመጡት እሱው ዘንድ ነው፤ በሃያ ዓመት አንዴም ቱቦ አሳስቶ አያውቅም፣ ወይም አያውቅም ተብሎ ይታመናል፣ ዋናው አማኝ ደግሞ ራሱ ነው።

በሩን የከፈተለት ቀስ በቀስ ነው። ቀስ በቀስ የእህቱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ እንቁላሏን ለሱቆች የሚያደርስ ሾፌር ነው፤ ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ሲኖር አሥራ አንድ ዓመቱ። ስሙን ያወጡለት ባለሱቆቹ ናቸው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር መኪናዋን ቆም ስለሚያደርጋት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እውነት መስሎት ነው፣ ቢለቀው እንቁላሉ ቀድሞት ይደርሳል» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። በአሥራ አንድ ዓመት የሰበረው እንቁላል ግን አንድ ትሪ አይሞላም። ዛሬ ፊቱ አመድ መስሏል። «ግባ፣ ወንድሜ» ብሎ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠው፤ ቁልፉን ይዞ እንዳይወጣ ከትናንት ጀምሮ ተከልክሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት የእንቁላሏ መኪና ሞተር ወርዶ፣ ባለክሩ ከላይ እስከ ታች ፈትቶ ገጥሞታል። ከዚያ ወዲህ ዘይት ይጎድላል። ቀስ በቀስ በየአራት በየአምስት ቀኑ «እትዬ፣ ዘይት» እያለ ሲቆም፣ የዘይት ዋጋ ደግሞ ባለሱቅ ሲያስነጥስ እንኳ በሚጨምርበት ዘመን፣ እህቱ ተጠራጠረች። ባለፈው ሳምንት ለባለክሩ ደወለች። «ሞተሩ ታድሶም ዘይት ይበላል እንዴ?» አለችው። «የኔ ሞተር? ጠብታ አይቀምስም!» አላት። «ታዲያ የት ይገባል?» «እሱን ሾፌርሽን ጠይቂው» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ያንን ሳቅ ዛሬ ቢያገኘው በጥርሱ ይነክሰው ነበር። ከዚያም በፊት ቀስ በቀስ ራሱ ጋራዥ ድረስ መጥቶ «እስኪ ኮፈኑን ክፈትልኝ፣ አንድ ነገርማ አለው» ሲለው፣ ባለክሩ የሌላ መኪና ሥር ተኝቶ እንዳለ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ሰዓት በለው! ሂድ፣ እንቁላልህን አድርስ» ብሎ ሸኝቶታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሟቹ አጎት ይመጣሉ። ለቤተሰቡ ነገር የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ባለክሩ የተጠራው ለምስክርነት ነው፤ እህቱ «አንተ የሠራኸውን አንተ ታውቃለህ» ብላዋለች።

ኮፈኑን የከፈተው ለወጉ ያህል ነው። ሞተሩን አስነሳና የዘይት መሙያውን ክዳን ሲያላላው ትኩስ ትንፋሽ ፉሽ ብሎ ፊቱን ገረፈው። የዘይት መለኪያው ዘንግም ከቦታው አውራ ጣት ያህል ብቅ ብሎ ቆሟል። ባለክሩ ክው አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ማስተንፈሻ ቱቦውን በጣቱ እየዳበሰ ተከተለው፤ ቱቦው ሄዶ ሄዶ የተሰካው በድን አፍ ላይ ነው። ይህች መኪና ድሮ አንድ መሣሪያ ነበራት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ማንም ይሁን ማን ነቅሎ ጥሎት፣ የመሣሪያው አፍ ተደፍኖ፣ ቱቦው ደግሞ ጫፉ ላይ ቡሎን ተወትፎበት ቀርቷል። ያ በቡሎን የታፈነው ቱቦ አሁን ማስተንፈሻው መሰካት ባለበት አፍ ላይ ተንደላቅቆ ተቀምጧል። በጥፍሩ የክሩን ቅባት ፋቀው፣ በምራቁ አሸው። አንዱ ጥቁር ነው። ሌላው ጥቁር ሰማያዊ። በሚስቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀለም ነበሩ፤ በሞተር ዘይት ሲነከሩ ግን አንድ ሆኑ፣ እሱም እህቱ በየሰዓቱ እየደወለች «እንቁላሌ ሊበላሽብኝ ነው» ስትለው ሳያይ አዛወራቸው። ሞተሩ ድምፁ አላማረረም፣ ምክንያቱም የትም ቀዳዳ አልቀረም። ግን የሚተነፍስበት አጥቶ፣ መንገድ ሲይዝና ሲሞቅ ውስጡ የታፈነው ጋዝ ዘይቱን በኋላ በኩል እየገፋ አስፋልት ላይ ሲያፈሰው ከረመ። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘይት ለብሷል። መንገድ ላይ ነው የሚተፋው ያለው ሰው ልክ ነበር።

ቀና ብሎ ዞር ዞር አለ። ግቢው ውስጥ ማንም አያየውም፦ እህቱ ማዕድ ቤት ስልክ ላይ ናት፣ ቀስ በቀስ የክፍሉ ደጃፍ ላይ ባዶ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። የባለክሩ እጅ አእምሮውን ሳያማክር ሥራውን ጀመረ። ፒንሳውን አወጣ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ነቀለ፣ አዛወረ፣ ማሰሪያቸውን አጠበቀ፣ ክሮቹን በጠሰና ቆሻሻው ውስጥ ጣለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በልቡ «መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለ፤ ሰው ጥፋቱን ሲደብቅ መቼም «ከዚያ» የምትባል ቃል አታጣውም።

«ምን አገኘህለት?» አለው ቀስ በቀስ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

«ምንም።»

ያቺ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበረው፣ ግን ቃሏ ከአፉ ስትወጣ በሩን ከኋላዋ የዘጋችው መሰለው።

እንቁላሉ መድረስ ስላለበት መኪናዋን ባለክሩ እንዲነዳ፣ እህቱም አብራው እንድትዞር ሆነ። ሰባት ሱቅ ነው የዞሩት። የመጀመሪያው ባለሱቅ ሂሳብ እየሠራ ሳለ ቀና ብሎ «ቀስ በቀስስ?» አለ። «ዘይት ነጋዴ ሆኗል!» አለችው እህቱ። ሰውዬው ገና ሳይገባው ሳቀ፣ ሲገባው ደግሞ ፊቱ ተለዋወጠ። «ያ ሰው?» አለ። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» አለችው። ሁለተኛው ሱቅ ላይ ቀልዱ ተሻሽሎ «በጀሪካን ነው የሚያከፋፍለው» ሆነ። ሦስተኛው ላይ የሱቁ ባለቤት ሴትዮ አፏን ይዛ «እኔ እኮ ልጄን አምኜ በሱ መኪና ትምህርት ቤት እልክ ነበር» አለች፣ አሁን ከመኪናው ዘይት ይልቅ ስለ ልጇ የሰጋች ይመስል። ባለክሩ ከኋላ ትሪ ተሸክሞ ሲገባ ሲወጣ ሁሉንም ይሰማል። ወደ አራተኛው ሱቅ ሲያመሩ አንድ ጉድጓድ ሳያይ ዘሎበት ሁለት ትሪ እንቁላል ተሰበረ። እህቱ «ግድ የለም፣ አንተ ሾፌር አይደለህ» አለች በፍቅር። ቀስ በቀስ ቢሆን ኖሮ የሚደርስበትን ሁለቱም ያውቁታል። ስድስተኛው ሱቅ ሲደርሱ ታሪኩ ፖሊስ ይጠራበት አይጠራበት ላይ ደርሶ ነበር።

«ፖሊስ ምን ያደርጋል፣ እትዬ። ተይው» አለ ባለክሩ መሪውን ጨብጦ። ቀኑን ሙሉ ያወጣት ደግ ቃል ይህቺው ናት።

«ለአንተ ብዬ» አለችው፤ ክንዱንም መታ መታ አደረገችው። «አንተ ባትኖር እስካሁን ያታልለኝ ነበር። እጅህ ይባረክ። ለሰው ሁሉ እኮ የምናገረው ባንተ ነው፣ ወንድሜ የነካው ሞተር ጠብታ አይበላም እያልኩ።» ባለክሩ አፉን ከፈተ። «እትዬ...» አለ። «ምን?» አለችው፣ ዓይኗ እንዲያ በኩራት እንደሞላ። ይህች ሴት እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችው ናት፤ የመጀመሪያውን የመፍቻ ሳጥን የገዛችለት እሷ ናት። «መብራቱ ቢጫ ሆኗል» አላት። ቢጫ ሆኖም ነበር። ቆሙ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ሄዱ። ሰባተኛው ሱቅም ታሪኩን ሰምቶ እንቁላሉን ተረከበ፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሱ።

ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው አጎት ሳሎን ውስጥ፣ የሟቹ ፎቶ ትይዩ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ገቢና ወጪ ሲያስፈርሙ ስለኖሩ ነገርን ያለ ማስረጃ አይቆርጡም። እህቱም ይህን ታውቃለችና ሻይ እንኳ ሳትቀዳላቸው እጃቸውን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻቸው፣ ቀስ በቀስንም ጠራችው። «ሰባት ሱቅ ዞረን ነው የመጣነው፣ ጋሼ። ጠዋት ዘይቱን አስሞልቼ ነው የወጣሁት። በዚህ መንገድ ሲመለስ ሁልጊዜ ጎድሏል ይለኝ ነበር። አሁን ይዩ!» ሞተሩ በረድ እስኪል ጠበቁ። ባለክሩ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ያስቃል፣ ዘይቱ እንዲጎድል ጸለየ። ትንሽ እንኳ ጎድሎ ቢገኝ፣ የሞተሩ ዘይት ማገጃ ጎማ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ማንንም ሳይከስ ራሱንም ሳያዋርድ ነገሩን ያለዝበው ነበር። እህቱ ዘንጉን መዘዘች፣ በጨርቅ ጠረገች፣ መልሳ ከታ አወጣችው። ዘይቱ ምልክቱ ላይ፣ ጠዋት ከነበረበት ዝንፍ ሳይል ቆሟል።

«ያውና! እሱ ባልነካት ቀን!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ዘንጉን አዩ፣ አዩና ለቀስ በቀስ ዘረጉለት። ቀስ በቀስ ተቀበላቸው፤ ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፣ ደስታ የሚመስል። «እሰይ» አለ። «ዳነች ማለት ነው።»

«ሰሙልኝ? ያሾፍብኛል!» አለች እህቱ።

አላሾፈም። ይህን ግቢው ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጫማውን እያየ ነበር። ለሁለት ወር ዘይት እየጨመረ፣ በየመንገዱ እየቆመ፣ እየለመነ ያኖራትን መኪና ዳነች ሲል ከልቡ ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሟቹ ወንድም ነህ፣ ደማችን ነህ» አሉት። «ስምህን አናጠፋም። ፖሊስም አይጠራም። ብቻ ከእንግዲህ አንድ ግቢ መኖሩ አይሆንም። ዛሬውኑ በሰላም ውጣ።» ስሙ ሰባት ሱቅ ላይ ሲጠፋ መዋሉን አላወቁም። ቀስ በቀስ ባለክሩን አየው። የተለየ አስተያየት አልነበረም፣ ሰው ሊናገርለት የሚችል ሰው ካለ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እንደሚያየው ያለ ነው። ባለክሩ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። ቀስ በቀስ ዘንጉን በጥንቃቄ ቦታው መልሶ ኮፈኑን በእጁ ደግፎ ሳያንኳኳ ዘጋው፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ሄደ።

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ሞላ። ሲወጣ ባለክሩ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ለምን እዚያ እንደቆመ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ቀስ በቀስ ፌስታሉን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ዘረጋለት። «እትዬ ፖሊስ እንዳትጠራ የለመንክልኝ አንተ ነህ ብለው ጋሼ ነገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለውና ወጣ። ባለክሩ ያ የጨበጠው እጅ ለአፍታ በእጁ ውስጥ የቀረ ያህል ተሰማው። ወይ ነዶ! ቢሰድበው ይሻለው ነበር፣ በጥፊ ቢለው ይሻለው ነበር። ከውስጥ የብርጭቆና የማንኪያ ድምፅ ይሰማል፣ እህቱ ለሽማግሌው ሻይ እየቀዳች ነው። አሁንም ገብቶ መቀመጥ ይችል ነበር። እግሩ ግን በሩን ከፍቶ ወጣ፣ መራመድ ጀመረ፣ ቀጥሎም እንደ ልጅ ሮጠ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረሰበት። የሚጠብቁት ሰዎች አምስት ስድስት ይሆናሉ። ቀስ በቀስ ሻንጣውን በሁለት እግሩ መሃል አቁሞ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ቦታ ለቆ ቆሟል። ባለክሩ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ጆሮው ተጠጋ፣ ሰው እንዳይሰማ። «እኔ ነኝ» አለው። «ቱቦውን አሳስቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አይቼ አስተካከልኩት። ምንም የለም ያልኩህ... ውሸቴን ነበር። አንተ ልክ ነበርክ፣ መንገድ ላይ ነው የሚተፋው።» ተናግሮ ሲጨርስ ደረቱ ቀለል አለው። ቀለል ማለቱን ወደደው፤ ይቅርታ እስኪባል ጠበቀ፣ ወይም ስድብ፣ ሁለቱም ሂሳብ ይዘጋሉ።

ቀስ በቀስ ዞር ብሎ አየው። «ለማን ነገርክ?» አለው።

«ላንተ። መጀመሪያ ላንተ ልንገር ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ» አለ ቀስ በቀስ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔማ እንዳልሰረቅሁ አውቃለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ግቡ!» እያለ በሩን መታ። ቀስ በቀስ ነፍሰ ጡሯን አስቀደመ፣ ሻንጣውን አስገባ፣ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ፣ በሩም ተዘጋ። አንዴም ዞር አላለም። ባለክሩ ፌርማታው ላይ ብቻውን ቀረ፤ ያ ቅድም ቀለል ያለው ደረቱ እንደገና፣ አሁን በእጥፍ፣ ከበደው። የተናገረው ለማያስከፍለው ሰው ነበር፤ የሚያስከፍሉት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ነው።

ሲመለስ ዳገቱ ረዘመበት። ሽማግሌው ለመሄድ ተነስተው ኮታቸውን እየለበሱ፣ እህቱ ደግሞ ከኋላ እጅጌውን ይዛላቸው ነበር። «የት ጠፋህ አንተ? ሻይህ እኮ በረደ» አለችው ፈገግ ብላ። ባለክሩ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ አይሂዱ» አለ። «ዘይቱን ማንም አልሰረቀውም። ቱቦውን አዛውሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ደብቄ አስተካከልኩት፣ ለዚህ ነው ያልጎደለው።» እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፣ ካቆመ እንደማይጀምር ያውቃልና።

እህቱ የሽማግሌውን እጅጌ ለቀቀችው። መጀመሪያ አልገባትም፣ ቀጥሎ ገባት፣ ቀጥሎ ፊቷ ደነገጠ። «ምን ነካህ?» አለች። «ሰባት ሱቅ ነግሬ መጥቼ እኮ ነው!»

«አብሬሽ ነበርኩ፣ እትዬ። ሰባቱንም ሰምቻለሁ። ነገ ሰባቱም ጋ ሄጄ እኔው እናገራለሁ።»

«ጋራዥህስ? ከእንግዲህ ማን ሞተር ይሰጥሃል?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣው አልቆ ልቅሶ ጀምሮ ነበር። ለሱ ነው ለራሷ ነው የምታለቅሰው፣ አይታወቅም።

ሽማግሌው ኮታቸውን ግማሹን ለብሰው፣ ግማሹን ሳይለብሱ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተመለሱ። ለጥቂት ጊዜ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወለሉን አዩ። «ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀና ብለው ሁለቱን በተራ ተመለከቱ። «በሉ፣ ሄደን እናምጣው። የት እንደሚያድር ነግሯችኋል?»

ወንድምና እህት ተያዩ። አንዳቸውም አልጠየቁትም።